ከሦስቱ አውራ ዶሮዎች የትኛው ይቆይ?

አንዲት አንባቢ ከአዳማ ጽፈውልኛል። በጓሯቸው 11 ሴት ዶሮና 3 አውራ አሏቸው። ሴቶቹ የሐበሻና ኮኮክ የሚባለው የውጭ ዝርያ ናቸው። ከአውራዎቹ አንዱ ትልቅ ቀይ ድርብ ነው፣ ሁለተኛው ሳሶ የሚባለው ወፍራም የውጭ ድቅል፣ ሦስተኛው ቀጠን ያለ ገብስማ። በሁለት ዶሮ 24 እንቁላል አሳቅፈው 9 ብቻ ተፈልፍሏል። የሴቶቹም ጀርባ ተመልጧል። «አንዱን አስቀርቼ ሁለቱን ለበዓል ልሸጥ ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ቀዩን አስቀሪ ይሉኛል» ይላሉ። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ «ቀዩ ትንሿ ልጄ ላይ ሁለቴ ዘሎባታል» ብለው ጨምረዋል።

እህቴ፣ ቀዩ ይሂድ። በአውራ ዶሮ የልጅ ዓይን ጠፍቶ ያውቃል። ልጅ ባለበት ቤት ሰው ላይ የሚዘል አውራ አይቀመጥም። እስኪሸጥ ድረስም ለብቻው ይዘጋበት።

የእንቁላሉ ችግር ግን ከቀዩ ብቻ አይመስለኝም። የተመለጠ ጀርባና ያልተፈለፈለ እንቁላል አብረው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው የአውራ መብዛትን ነው። አንዱ ሲሰርር ሌላው ሮጦ ይገፈትረዋል። ሴቷ ላባዋ ይነጫል እንጂ ዘር አትይዝም። ለ11 ሴት አንድ ጤነኛ አውራ ይበቃል። ለማንኛውም ማታ ላባቸውን ገልጠው ቅማል እንዳለ ይዩ፤ እሱም ጀርባ ያስመልጣል።

ሳሶውም አይሆንም። ለሐበሻ ሴት ይከብዳታል። ድቅል ስለሆነ ደግሞ ጫጩቶቹ እሱን አይመስሉም። የኔ ምርጫ ገብስማው ነው፤ ግን ይፈተን።

ማታ ከቆጥ ላይ ያውርዱትና በስልክዎ መብራት ይዩት። የደረቱ አጥንት ቀጥ ያለ ይሁን። ጣቶቹ አይጣመሙ፤ የእግሩ ቅርፊትም አይነሳ። ዓይኑ ንጹሕ ይሁን። ቀን ላይ ደግሞ ጥሬ ይበትኑለት። ጥሩ አውራ እየተንጫጫ ሴቶቹን ይጠራል፣ እነሱ ሲለቅሙም ዙሪያውን ይጠብቃል። ጎህ ሳይቀድ መጮኹ ስለ ዘሩ ምንም አይነግርዎትም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ልንገርዎት። ሴት ዶሮ አንዴ ከተሰረረች የአውራውን ዘር ታስቀምጣለች። እንቁላሉ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ፣ ወደ መውጫው በኩል፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጎድጓዳ ቦታዎች አሏት። ዘሩ እዚያ ይከማቻል፤ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ይወጣል። አስኳሉ ተለይቶ እንደወጣ፣ ነጩ ሳይሸፍነው፣ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዘሩ ሊደርስበት ይገባል። ነጩ ከሸፈነው በኋላ በሩ ተዘጋ። ቅርፊቱ አልቆ እስኪጣል ሌላ አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የተሰረረች ዶሮ ከሰዓት ለምትጥለው እንቁላል መሰረሯ ምንም አይጨምርለትም። ክምችቱ ግን ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ይቆያል። ቀዩን ዛሬ ሸጠው በሳምንቱ ቢያሳቅፉ የሚፈለፈሉት የሱ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተናካሽነት ደግሞ በዘር ይሄዳል። 3 ሳምንት ይጠብቁ።

ከዚያ እንቁላል ለቁርስ ሲሰብሩ አስኳሉ ላይ ያለውን ነጭ ነጥብ ይዩ። ክብ ሆኖ ዙሪያውን ቀለበት ካለው ዘር ይዟል። ትንሽ፣ ድፍንና ቅርጽ የለሽ ከሆነ አልያዘም። ከተለያዩ ዶሮዎች 10 ያህል ይዩ። 8ቱ ከያዙ ገብስማው ሥራውን እየሠራ ነው፣ ያሳቅፉ። እንቁላሉ ግን ከተጣለ ከሳምንት በላይ አይቆይ።

የቀዩን የእግር ሹል ቀንድ ጎረቤት በቢላ እንደቆረጠውም ጽፈዋል። ይህን ሳይ እናደዳለሁ! ላዩ ቀንድ ቢሆንም ውስጡ ደም ያለው አጥንት ነው። ያደማል፣ ይመረቅዛል፣ የተሰነጠቀው ጉቶ ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ሴቶቹን ይቦጫጭራል። የገብስማው ሲረዝም ጫፉን ብቻ በሞረድ ያደንዝዙት።

ገብስማው ከራስዎ ዶሮዎች የተፈለፈለ ከሆነ በዓመቱ ከሩቅ ሰፈር በመጣ አውራ ይቀይሩት። ወንድሙን ከእህቱ፣ ልጁን ከእናቱ እያራቡ ሲቀጥሉ የሚፈለፈለው ይቀንሳል። በካርቶን እያዞሩ በርካሽ ከሚሸጡት ግን አደራ አይግዙ። ብዙዎቹ የእንቁላል ዶሮ አርቢዎች የማይፈልጓቸው ወንድ ጫጩቶች ናቸው፤ ክትባት ማግኘታቸውንም የሚያውቅ የለም። አዲስ የመጣ አውራ 3 ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ፈንግል ከገባ ምርጫው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀይ ድርብ በበዓል ገበያ ተፈላጊ ስለሆነ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ለአርቢ ሳይሆን ለሚያርድ ሰው ይሽጡት፤ ሰው ላይ እንደሚዘልም ይንገሩት። እስከዚያ ልጅቷ ወደሱ አትጠጋ። ውሃና ጥሬ የሚሰጠውም ትልቅ ሰው ይሁን።