የመቀሌዎቹ በቅሎዎች

ልጆቼ፣

ቢሮዬ የሚመጣ ወጣት ጉዳዩ የቱንም ያህል ይለያይ፣ መጨረሻ ላይ የሚለኝ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ልክ አስገባልኝ!» የመሬት ይሁን፣ የብድር ይሁን፣ ከሸሪኩ ጋር የተጣላበት ሱቅ ይሁን፣ የሚፈልገው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። ሰውዬው ሲዋረድ ማየትም ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት የመጣው ልጅ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ አንድ ጥቅስ አሳየኝ። ከጽሑፉ ጀርባ የሚያገሳ አንበሳ አለ። የጥንቱ ቻይናዊ የጦር አዋቂ የሱን ዙ ነው አለኝ። ጠላትህን እወቅ፣ ራስህን እወቅ ምናምን።

ሳቄን ዋጥኩት። ሱን ዙን እኔም አነብበዋለሁ። ልጁ ግን ዋናውን ነገር ዘሎታል። ያ ከ2,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጽሑፍ 13 ምዕራፎች አሉት። ሦስተኛው ላይ ሱን ዙ መቶ ጊዜ ተዋግቶ መቶ ጊዜ ያሸነፈውን አያደንቅም። የሚያደንቀው ሳይዋጋ ያስገበረውን ነው። ከዚያ ደረጃ ያወጣል። መጀመሪያ የጠላትን ዕቅድ ማክሸፍ፣ ቀጥሎ ከአጋሮቹ መነጠል፣ ካልሆነ ጦሩን መግጠም። ከሁሉም የከፋው ቅጥር ያለው ከተማ መክበብ ነው። መሣሪያውን ለማዘጋጀት ሦስት ወር፣ የአፈር ክምሩን ለመሥራት ሌላ ሦስት ወር ይፈጃል። ንዴቱን መቆጣጠር ያቃተው አዛዥ ደግሞ ያን ሁሉ አይጠብቅም። ወታደሩን እንደ ጉንዳን ቅጥሩ ላይ ይሰድና ሲሶውን ያስፈጃል። ከተማው ግን አይያዝም።

ደሴ ላይ ጥብቅና ከጀመርኩ 31 ዓመት ሆኖኛል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ የቻይና ከተማ አይደለም፣ የፍርድ ቤት ኮሪደር ነው። ክስ፣ መጥሪያ፣ መልስ፣ ቀጠሮ፣ ምስክር አልቀረበም፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ይግባኝ፣ ሰበር፣ አፈጻጸም። ሦስት ወር ብቻ ቢሆን ምንኛ በታደልን!

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ኮምቦልቻ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ጎረቤቱ ሁለት ሜትር የምትሆን መተላለፊያ በቆርቆሮ አጠረበት። ሁከት ይወገድልኝ ብለን ከሰስን። ማስረጃችን ጠንካራ ስለነበር ተፈረደልን። አጥሩ ሊፈርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሰውዬው ሽማግሌ ላከ። የጠየቀው ትንሽ ነገር ነበር። «ልጄን እየዳርኩ ነው። ሠርጉ ይለፍና በገዛ እጄ ላንሳው።»

ደንበኛዬ እሺ ሊል ነበር። እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ፍርድ በእጃችን እያለ ምን ልመና ነው አልኩ። አጥሩ በፖሊስ ፊት ፈረሰ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። የሠርጉ እንግዶች የመጡት የተቆለለውን ቆርቆሮ እያለፉ ነው። ያን ቀን ማታ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ስወጣ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሰውዬው ይግባኝ አለ። ተሸነፈ። ሌላ ክስ ከፈተ። የወሰን፣ የፍሳሽ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ሳይቀር። ስድስት ዓመት ተካሰስን። ሁሉንም ረታን ማለት ይቻላል። በዚህ መሀል የደንበኛዬን ሚስት ቡና የሚጠራት ጎረቤት ጠፋ። እናንተ የወሎን ቡና ታውቁታላችሁ፤ ሦስት ጊዜ በቀን እየሸተታት አለመጠራት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። በመጨረሻ ቤቱን በርካሽ ሸጠው ሄዱ። ሁለቷ ሜትር ዛሬ የሌላ ሰው ናት። እኔ ክፍያዬን ተቀብያለሁ።

ያኔ አንድ ሰው ስለ መቀሌ ቢያስታውሰኝ ጥሩ ነበር። ታሪኩን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ የተማርኩት ግን ግማሹን ነው። ጥር 1888 ጣሊያን እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጓል። አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ ይባላል። የእኛ ሰዎች ምሽጉን በቀጥታ ሲያጠቁ ብዙ ሰው አለቀ። ልክ እንደዚያ ቻይናዊ ጉንዳኖች። ከዚያ እቴጌ ጣይቱ ምንጩ ይያዝ አሉ፤ ተያዘ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ውሃ የጠማው ምሽግ እጁን ሰጠ። እዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስንፎክርበትም ኖረናል።

ሁለተኛው ግማሽ ይኸው። ምኒልክ አላረዷቸውም፣ ትጥቅም አላስፈቱም። መሣሪያቸውን እንደያዙ ይውጡ አሉ። ለጓዛቸው በቅሎ ተገኘላቸው። ራስ መኰንን ሸኟቸው። ብዙ ሰው ይህን ደግነት ይለዋል። ደግነት ነበረበት። ግን ሒሳብም ነበረበት። የምኒልክ ጦር በዚያ ሽኝት ሽፋን ሳይተኮስበት ወደ ዓድዋ አቅጣጫ ተጠጋ። በር የተከፈተለት ጠላት ምሽጉን ያለ ተጨማሪ ውጊያ ከመልቀቁም በላይ ለሸኚው መንገድ ከፈተ።

አሁን ከእናንተ አንዱ ጎበዝ እጁን ያወጣል። «ጋሼ፣ ጋሊያኖ ተመልሶ ዓድዋ ላይ ወጋን እኮ።» እውነት ነው። ወጋን፣ እዚያው ሞተ። በቅሎ የሰጠኸው ሁሉ ወዳጅህ ይሆናል አላልኩም። ሁለተኛ ሲመጣ ግን ውሃው የት እንዳለ ታውቃለህ።

ለእኛ ለደሴ ሰዎች ቅርብ የሆነም ምሳሌ አለ። በ1870 አፄ ዮሐንስ ጦራቸውን ይዘው ሸዋ ደረሱ። ያኔ ሸዋን ይገዙ የነበሩት ምኒልክ አሰቡና ልቼ ላይ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ገቡ። ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ስም ተዉ። ዮሐንስ ደግሞ ድንጋዩን አስወርደው የሸዋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ደፉላቸው። ድንጋይ መሸከም የእኛ በቅሎ ነው። የበደለው ዝቅ ይላል፣ የተበደለው ያነሣዋል፣ ሁለቱም ፊታቸውን ይዘው ይገባሉ። አሥራ አንድ ዓመት አልፎ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ምኒልክ ሆኑ።

በዚያው በ1870፣ ያው አፄ ዮሐንስ፣ እዚሁ ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። እዚያ ለወሎ ሙስሊሞች የተተወ በር አልነበረም። ወይ ተጠመቅ ወይ ሹመትህን ልቀቅ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ያለ ጦርነት የተገኘ ድል ይመስላል። ከዚያ ግን እነ ሼህ ጦልሃ አመጹ፤ ወሎ ለዓመታት በዘመቻ ታመሰች። ልቼና ቦሩ ሜዳን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ እዩዋቸው። እኔ ለብዙ ዓመት ሳላያይዛቸው ነው የኖርኩት።

ታዲያ ሁሉም ነገር በሽምግልና ይለቅ ማለቴ አይደለም። ሚስቱን ለሚደበድብ ሰው በቅሎ የለኝም፤ እሱን ፖሊስ ጣቢያ ነው። ውሃውን ሳይዝ ለዕርቅ የሚሮጥም አለ። እሱ ለምኖ ይመለሳል እንጂ አይታረቅም። ውሃ ማለት ደረሰኝ ነው። ውል ነው። በጊዜው የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው። ያየ ምስክር ነው። ይህ ሁሉ እጅህ ላይ እንዳለ ያኛው ወገን ሲያውቅ፣ ብዙ ጊዜ ክሱ ሳይከፈት ስልክህ ይጮሃል። ያኔ ነው በቅሎው የሚያስፈልገው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ክርክር ከተጀመረ በኋላ በማንኛውም ጊዜ በስምምነት እንዲያልቅ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 274ን እዩ። ወጣት ጠበቆች ይህን አንቀጽ ለፈተና ያጠኑትና ይረሱታል።

ባለ አንበሳውን ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። ሸሪክህ ይህ ነገር ሲያልቅ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ምን ብሎ ይንገራት? ዝም አለ። ትንሽ ተናደደብኝም መሰለኝ። የማያዋጣው ጠበቃ ጋ መጣሁ ብሎ ይሆናል። ሦስት ቀን ቆይቶ ግን በፌስታል ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ዝናብ ጥሎበት ደረሰኞቹ ግማሹ ረጥበዋል። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን፣ ቀን በቀን እየደረደርን ማድረቅ ጀመርን።