በእግሬ ተጉዤ ገንዘብ ባሰባስብና ጣፋጭ ባደርስላቸውስ?

ጥያቄ፦ ጎንደር የምኖር መምህርት ነኝ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ በእግሬ ለመጓዝ፣ የሚያውቁኝ ሰዎችም ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የአቅማቸውን እንዲሰጡ ለመጠየቅ አስቤአለሁ። በሚሰበሰበው ገንዘብ በከተማችን ለሚገኙ የሕፃናት ማሳደጊያና የአረጋውያን መርጃ ማዕከላት ለገና በዓል ከረሜላ፣ ኬክና ዳቦ ቆሎ ለማድረስ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ሰው እንዳይጠረጥረኝስ ገንዘቡን እንዴት ልያዝ?
(ጠያቂዋ፣ ከማራኪ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሐሳብዎ የሚደገፍ ነው፤ ነገር ግን ዕቅዱን ከመንገዱ ሳይሆን ከተቀባዮቹ ቢጀምሩት ይሻላል እንላለን። አስቀድመው ወደየማዕከላቱ ሄደው አስተዳዳሪዎቹን በአካል ያነጋግሩ፤ ስንት ሰው እንዳለ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ይኖር እንደሆነ፣ ቤት የተዘጋጀ ምግብ ከውጭ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቀው ይመዝግቡ። ጥርሳቸው ላለቀ አረጋውያን ዳቦ ቆሎ ማቅረብ ስጦታ አይሆንም፤ ለእነርሱ ለስላሳ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝ ወይም በሶ ይስማማቸዋል። ለልጆቹ ግን ከኬክም ከከረሜላም ዳቦ ቆሎን እንመርጣለን፤ በደንብ ከደረቀ ሳይበላሽ ይሰነብታል፣ ሲጫንና ሲወርድ አይፈርስም፣ ቅቤና እንቁላል ሳይገባበት በዘይት ከተሠራ ደግሞ ጿሚውም ይበላዋል። ዱቄቱን ከቅዳሜ ገበያ ገዝተው፣ ጎረቤት ጠርተው በጋራ ቢሠሩት፣ ገንዘብ ማዋጣት ያልቻለች ጎረቤትዎም በጉልበቷ ትሳተፋለች።

ስለ ቀኑ ደግመው ቢያስቡበት ደስ ይለናል። ታኅሣሥ 29 ሁሉም ሰው የሚያስታውሳቸው ቀን ነው፤ በበዓል ምግብ ይዞ የሚመጣው ሰው ይበዛል፣ ሌላው ሳምንት ግን ጭር ይላል። ጉዞውና ዝግጅቱ ከበዓሉ በፊት ይሁን ካሉም ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ላይ ይወድቃሉ። ጥር 11 ደግሞ ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልገንም፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ተሽከርካሪ ማግኘትም ያስቸግራል። ስለዚህ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያለውን ጊዜ ይምረጡ፤ ረቡዕና ዓርብን፣ እንዲሁም ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚገባውን የነነዌን ሦስት ቀን ይዝለሉ። በማዕከላቱ ሙስሊሞች ካሉ ረመዳን መቼ እንደሚውልም ይመልከቱ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ጥያቄዎ የከበደው እዚህ ላይ ነውና። ገንዘቡ ከደመወዝዎ ጋር በአንድ ሒሳብ ከተቀላቀለ፣ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆኑ ለጠየቀዎ ሁሉ ማስረዳት አይችሉም። የእኛ ምክር የሰፈርዎን ዕድር እንዲያነጋግሩ ነው። ዕድር ገንዘብ ያዥ አለው፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ አባላቱም ሒሳብ መጠየቅ ልማዳቸው ነው፤ ስለዚህ መዋጮው በዕድሩ በኩል ገብቶ፣ ወጪው በሁለት ሰው ፊርማ ቢወጣ ለጥርጣሬ ቦታ አይተርፍም። ዕድሩ ካልተስማማ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚውል ሒሳብ ከአንድ ባልደረባዎ ጋር በጣምራ ይክፈቱ። ቃል የተገባልዎትንም ከጉዞው በፊት ይሰብስቡ፤ ተጓዡ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ «እሰጣለሁ» ያለው ሰው ስልክ ማንሳት ይከብደዋል። የውኃ፣ የመኪናና የማረፊያ ወጪዎ ከኪስዎ ይሁን ከመዋጮው፣ ገና ሲጠይቁ በግልጽ ይናገሩ።

የሚያውቁትን ሰው መጠየቅና ሕዝብን በአደባባይ መጠየቅ አንድ አይደሉም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከሕዝብ ሀብት ለማሰባሰብ ስለሚቋቋም የበጎ አድራጎት ኮሚቴ የደነገገው ስላለ፣ ፒያሳ ላይ ሣጥን ይዘው ለመቆም ካሰቡ ፈቃዱ ከየትኛው አካል እንደሚወሰድ አስቀድመው ከከተማው አስተዳደር ይጠይቁ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ የወገራ ደጋ ብርድ አለ፣ በዳባት በኩል አልፎ እስከ ደባርቅ የሚዘልቀው መንገድም ላልለመደ እግር ከባድ ነው፤ በየቀኑ የት እንደሚያድሩ ማወቅና የጸጥታውን ሁኔታ በዕለቱ ማጣራትም ግድ ይላል። በዚያ ላይ መንገዱ ሊረዷቸው ካሰቧቸው ሰዎች ያርቅዎታል። እኛ ብንሆን ከአዘዞ ተነሥተን፣ በፒያሳ አልፈን፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ቁስቋም ዳገት እንወጣ ነበር፤ ማዕከላቱንም በመንገዱ ላይ እያካተትን። በአንድ ቀን ያልቃል፣ ተማሪዎችዎና ባልደረቦችዎ እስከሚችሉት ይሸኙዎታል፣ የሚሰጡ ሰዎችም ስጦታቸው የት እንደደረሰ በዓይናቸው ያያሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዳገት መውጣት ቀላል ስላልሆነ ማልደው ይነሡ፤ ዳቦ ቆሎውንም በጀርባዎ አይሸከሙ፣ መኪና ቀድሞ ያድርሰው።

ሲደርሱ ያመጡትን ለማዕከሉ ሠራተኞች ያስረክቡና የተፈረመበት የርክክብ ወረቀት ይቀበሉ። ማን መቼ ምን እንደሚበላ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የልጆቹን ፊት የሚያሳይ ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ ማሰራጨት በእኛ አስተያየት ተገቢ አይደለም፤ ለሰጪዎች የሚበቃው ደረሰኙና የርክክብ ወረቀቱ ነው። ገንዘብ ከተረፈ ለምን እንደሚውልም አሁኑኑ ወስነው ለሰጪዎች ይንገሩ፤ ለአረጋውያኑ ሳሙና ወይም ለልጆቹ ደብተር ቢሆን የሚቃወም ሰው የሚኖር አይመስለንም።