ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨት የሆነበት ምክንያት

«በእንግሊዝ አገር በኖርተን ሴንት ፊሊፕ መንደር ያለው ጆርጅ የተባለው ጥንታዊ መጠጥ ቤት ለምን ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨት ሆነ?» ብለው ለጠየቁት፦ ሕንፃው በአንድ ጊዜ ስላልተሠራ ነው። በሱመርሴት አውራጃ የሚገኘውን ይህን ቤት ያሠሩት በአቅራቢያው የነበረው የሂንተን ገዳም መነኮሳት ናቸው፤ ለሱፍ ገበያቸው ማረፊያና መጋዘን ነበር። ሁለቱ የእንጨት ፎቆች በድንጋዩ ላይ የተጨመሩት ወደ 15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው።

እጅግ የሚያስደንቀኝ ፎቆቹ ወደ መንገዱ ወጣ ወጣ ማለታቸው ነው። የወለሉ አግዳሚዎች ከታችኛው ግድግዳ አልፈው ይወጡና የላይኛውን ግድግዳ ጫፋቸው ላይ ይሸከማሉ። ጎብኚ ሁሉ ፊት ለፊቱን ብቻ ፎቶ አንስቶ መሄዱ ያሳዝነኛል፤ የኋላው ግቢ ከነእንጨት ሰገነቱ ከዚያ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1685 በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ያመፀው የሞንማውዝ መስፍንም እዚህ አርፎ ነበር።