ስፒከር ልግዛ ወይስ ራሴ ልገጣጥም?

ጥያቄ፦ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። የሠርግና የልደት ቪዲዮ ኤዲት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሙዚቃ እሰማለሁ። የላፕቶፑ ድምፅ አሰልችቶኛል። መርካቶ ገብቼ የኮምፒውተር ስፒከር ስጠይቅ አንዱ ሻጭ 3000 ዋት ነው ይለኛል፣ ሌላው 5000። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ብርህን አታባክን፤ ስፒከሩንና አምፑን (ድምፁን የሚያጎላውን ዕቃ) ለየብቻ ገዝተን ሳጥኑን አናጢ ጋ እናሠራዋለን» ይለኛል። ብዙ ብር የለኝም፤ አንዴ ካወጣሁ ግን እንዲቆይልኝ እፈልጋለሁ። የቱ ይሻለኛል? (ኤዲተሩ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ያለውን 5000 ዋት እርሳው። እውነት ቢሆን ኖሮ ስፒከርህ ከኤሌክትሪክ ምጣድ የበለጠ መብራት ይበላ ነበር፤ ምጣዱ 3500 ዋት ገደማ ነው የሚስበው። ካርቶኑን ተውና ዕቃውን ገልብጠህ ጀርባውን እይ። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ከሚለው አጠገብ የሚስበው ዋት ተጽፎ ታገኛለህ፤ 30 ወይም 40 ቢል አይግረምህ። ከሶኬት 40 ዋት የሚስብ ዕቃ ሳያቋርጥ ከ40 ዋት በላይ ድምፅ ሊሰጥህ አይችልም። ፒኤምፒኦ (PMPO) የሚል ቁጥር ካየህ እለፈው፣ ለማሻሻጥ የተጋነነ የቅጽበት ቁጥር ነው፤ አርኤምኤስ (RMS) የሚለውን፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት፣ ፈልግ። ሌላ ገመድ ሳይኖረው በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራውን ደግሞ ለሥራህ አትግዛው። የተለመደው ዩኤስቢ 5 ቮልት በ0.5 አምፒር ነው የሚሰጠው፤ ይህ ሲባዛ 2.5 ዋት ነው።

ደግሞስ ብዙ ዋት ምን ያደርግልሃል? አንተ ጠረጴዛ ላይ ነህ፤ ከስፒከሩ እስከ ጆሮህ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ደህና የቤት ስፒከር በ1 ዋት ብቻ አንድ ሜትር ላይ 86 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ያወጣል፣ ይህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ላይ ቢውል የሚጎዳ ድምፅ ነው። ዋቱን እጥፍ ስታደርገው የምታገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ እውነተኛ 20 ዋት ካገኘህ ለአንተ ክፍል ይተርፋል።

የአንተ ጉዳይ ከጩኸቱ ይልቅ የድምፁ እውነተኛነት ነው። አስበው፤ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ከበሮ አለ፣ እልልታ አለ፣ ከመሀል የሽማግሌ ምርቃት አለ። ከጠረጴዛ ሥር የሚቀመጥ፣ ቤዙ ብቻ ድም ድም የሚል ሳብዉፈር ገዝተህ ኤዲት ብትሠራ ከበሮው ስለሚበዛብህ ትቀንሰዋለህ። ደንበኛህ ቤቱ ወስዶ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፍተው ከበሮው የለም። ምርቃቱም እንደዚያው ነው፤ ቤዙ ሲሸፍነው ለአንተ ያልተሰማህን ጉርምርምታ ሳታጸዳው ታስረክባለህ። ለኤዲት ሥራ የምትፈልገው ያለውን እንዳለ የሚያሰማ ስፒከር ነው።

አሁን ወደ ጓደኛህ ሐሳብ ልምጣ። ግማሹ ትክክል ነው፣ ግማሹ ብርህን ያስበላሃል። በአናጢው በኩል ችግር የለም፤ ከአንድ ግንድ በርጩማ ፈልፍሎ የሚያወጣ የጅማ ባለሙያ አራት ማዕዘን ሳጥን አያቅተውም። ችግሩ ልኩ ነው። ስፒከርና ሳጥን ካልተስማሙ ቤዙ ወይ ይጠፋል ወይ ይጎረብጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 ኔቪል ቲል፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ሪቻርድ ስሞል ይህን በስሌት አስቀምጠውታል፤ ዛሬም የስፒከር ሳጥን የሚሠሩ ሰዎች ልኩን የሚያወጡት በእነሱ ስም ከሚጠሩት ቁጥሮች ተነስተው ነው። ቁጥሮቹ የሚገኙት ከስፒከሩ ጋር በሚመጣ ወረቀት ላይ ነው፤ ሱቅ ላይ ተሰቅሎ የሚሸጥ ባዶ ስፒከር ግን ብዙ ጊዜ ምንም ወረቀት የለውም። ታዲያ አናጢው በምን ልክ ይቁረጥልህ? የመኪና ስፒከር ገዝቶ ሳጥን ውስጥ መክተትም የተለመደ ነው። እሱ ግን የተሠራው ለመኪና በር ነው፤ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ስትዘጋው የነበረውም ቤዝ ይሄዳል።

እኔ የምመክርህ መሀለኛውን መንገድ ነው። ሳጥኑ ከነስፒከሩ በፋብሪካ ተስማምቶ የተሠራ፣ ያገለገለ የቤት ቴፕ ስፒከር ፈልግ። ካሴት ማጫወቻው ወይም ሲዲው ሞቶ ሁለቱ የእንጨት ሳጥኖች አቧራ ለብሰው ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጡበት ቤት ስንት ነው? ዘመድ ጠይቅ፣ ቴፕ የሚጠግኑ ልጆችን ጠይቅ። ሳጥኑን ስታገኝ የፊቱን ጨርቅ አውልቀህ የስፒከሩን ወረቀት፣ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣውን ክብ፣ እይ። ዙሪያውን የያዘው ላስቲክ ወይም ጨርቅ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ስፖንጅ ከሆነ በጣትህ ነካ አድርገው፣ ዕድሜ የበላው ከሆነ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል። ቀጥለህ የአራት ጣትህን ጫፍ መሀሉን ከቦ ባለው ወረቀት ላይ ዙሪያውን አስቀምጥና ቀስ ብለህ እኩል ወደ ውስጥ ግፋው። ዝም ብሎ ገብቶ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ክርክር የሚል ድምፅ ከሰማህ ኮይሉ (ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) እየታከከ ነውና ተወው። ጀርባው ላይ ስንት ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው ልክ) እንደሆነ አንብብ፤ 4፣ 6 ወይም 8 ይላል። ሦስቱም ይሆኑሃል።

ከዚያ አምፑ። ቲፒኤ3116 የሚባል ቺፕ ያለበት ትንሽ የአምፕ ቦርድ ጠይቅ፤ ብሉቱዝ ያለውም የሌለውም አለ። ክላስ ዲ የሚባለው ኃይል የማያባክን ዓይነት ስለሆነ ብዙም አይግልም፣ መብራትም አይበላም። ከ4.5 እስከ 26 ቮልት ይቀበላል፤ ስለዚህ ላፕቶፑ የሞተበት ሰው ጋ የቀረ 19 ቮልት ቻርጀር ካገኘህ በቂ ነው። በ19 ቮልት ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ በየጎኑ 20 ዋት አካባቢ ይሰጥሃል። ቻርጀሩን ከማገናኘትህ በፊት ፕላስና ማይነሱን በቴስተር አረጋግጥ፤ ተገልብጦ ከገባ ቦርዱ ያን ጊዜውን ይቃጠላል። ይህን መንገድ የወደድኩበት ሌላም ምክንያት አለ። 220 ቮልቱ ቻርጀሩ ውስጥ ታሽጎ ይቀራል፣ አንተ የምትነካው 19 ቮልት ብቻ ነው። ትራንስፎርመር ገዝቶ ከ220 ጀምሮ አምፕ መገጣጠም ግን ለጀማሪ አደገኛ ነው፤ ያን ያለ ባለሙያ እንዳትሞክረው።

መብራት ሲሄድም ይጠቅምሃል። ቦርዱ በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፤ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ ሥራህ አይቆምም። መብራት እንደሄደ ግን ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀል፤ ሲመለስ ከፍ ብሎ እየመጣ ዕቃ ያቃጥላል።

ገመዱን ስታስር ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። የአንዱ ስፒከር ገመድ ከተገለበጠ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣላሉና ቤዙ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ስፒከሩን ይረግማል። ምልክቱ ከጠፋብህ አንድ የባትሪ ድንጋይ ውሰድና በሁለት ገመድ የስፒከሩን ጫፎች ለቅጽበት ንካ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቅ ካለ የድንጋዩ ፕላስ የነካው ጫፍ ቀዩ ነው። ከፍተኸው እርርር የሚል ድምፅ ካስቸገረህ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀለው። ድምፁ ከጠፋ ስፒከሩም አምፑም ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ በመብራት መስመሩ በኩል የሚመጣ ነው፣ በብሉቱዝ ስታገናኘው ይለቅሃል።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ትንሿ ስፒከር፣ ትዊተሯ፣ በጆሮህ ቁመት ትሁን። ሁለቱና የአንተ ጭንቅላት ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ጥግ ላይ አትወሽቃቸው፣ ቤዙ ያብጣል። ክረምት ላይ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅ ከመጨመር ስፒከሩን ወደ ራስህ ማቅረብ ይሻላል። ሳጥኑ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ እንጨት) ከሆነ ከእርጥብ ግድግዳና ከሲሚንቶ ወለል አርቀው፤ ውኃ ሲጠጣ ጠርዙ ያብጥና ይከፈታል። የተላጠ ጠርዝ ካለው ቀለም ቀባው።

ሲገጥም መፈተሻ ከፈለግህ በገና ክፈትበት። አውታሩ ድልድዩን በሚነካበት ቦታ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ አለ፤ ያ ነዘር የሚለው ድምፁ ከእሱ ነው የሚመጣው። ደህና ስፒከር ላይ ወፍራሙ ድምፅና ንዝረቱ ተለይተው ይሰማሉ። መጥፎ ስፒከር ሁለቱን ያደባልቃቸዋል።

አዲስ መግዛት የሚሻልህ መቼ ነው? ደንበኛ እየጠበቀህ ከሆነ፣ የሚበይድልህ ሰው ከሌለ፣ ወይም ደህና ያገለገለ ሳጥን ፈልገህ ካጣህ። ያኔ ሳብዉፈር የሌለው፣ ሁለት የእንጨት ሳጥን ብቻ የሆነ፣ ወረቀቱ 4 ኢንች አካባቢ የሚሆን፣ አምፑ ውስጡ ያለ ስፒከር ግዛ። የራስህን ስልክ ይዘህ ሂድና የምታውቀውን ዘፈን አጫውት፤ ሻጩ የሚመርጥልህ ዘፈን ቤዝ የበዛበት ነው። ኦክስ ገመዱን ስትነካካው ድምፁ ከተቆራረጠ ሌላ እንዲያወጣልህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሂርማታ ትንሽ ጭማቂ ቤት አለኝ። የኮምፒውተር ስፒከር መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ሙዚቃ እከፍታለሁ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ይደነቁራል፣ በር ላይ ያለው አይሰማም። ከፍ ሳደርገው ይቀደዳል። ትልቅ ልግዛ? (የጭማቂ ቤቷ፣ ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ትልቅ ቢገዙ አጠገቡ ያለው ሰው ይብስበታል። ድምፅ ከምንጩ በራቁ ቁጥር ይደክማል፤ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ለእርስዎ ቤት የሚሻለው ትናንሽ ስፒከሮችን ማከፋፈል ነው፤ ሁለቱ ከመደርደሪያው በላይ፣ ሁለቱ በሩ አካባቢ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብለው ወደ ታች ዘንበል ይበሉ። ያን ጊዜ ሁሉም በዝቅተኛ ድምፅ ይሠራሉ፣ አይቀደዱም፣ ደንበኛም መጮህ ሳያስፈልገው ያወራል። ከላይ ለኤዲተሩ የነገርኩት አምፕ አራቱንም ይችላል፤ ስፒከሮቹ ግን ባለ 8 ኦም ይሁኑ። ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፣ ከዚያ በታች ከወረደ አምፑ ይጎዳል። የሚያስርልዎት ልጅ ይህን ማወቁን አስቀድመው ይጠይቁት፤ አምፑንም ከጭማቂ መፍጫው ራቅ አድርጎ ውኃ የማይረጭበት ቦታ ላይ ይስቀልልዎት።