ካርታው በስምዎ እስኪዞር፦ የቤት ግዢና ሽያጭ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ልገዛ ነው። ሻጩ 300 ሺህ ብር ቀብድ ዛሬውኑ ክፈል እያለ ያጣድፈኛል። ምኑን ነው የማጣራው?

መልስ፦ የካርታውን ኮፒ ይቀበሉና ከሻጩ ጋር ይዞታው ወዳለበት ክፍለ ከተማ መሬት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ብቻዎን ቢሄዱ ፋይሉ ላይከፈትልዎት ይችላል። ሻጩ "ዛሬ አይመቸኝም" ካለ ቀብዱም ዛሬ አይመችም። ፋይሉ ላይ የባለይዞታውን ስም፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩን፣ ካርታው ያልመከነ መሆኑን ይዩ። በባንክ የተያዘ ቤት ቢገዙ መያዣው ከቤቱ ጋር ይከተልዎታል።

ቀጥሎ ሜትር ይዘው ግቢውን ይለኩ። ካርታው 175 ካሬ እያለ አጥሩ ውስጥ 200 ካሬ ካገኙ፣ ለ25ቱ ካሬ ይከፍላሉ እንጂ አይገዙትም፤ ስም ሲዞር የሚዞርልዎት 175ቱ ብቻ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ያረፈው በዚያ ትርፍ ላይ ከሆነ አንድ ቀን ይፍረስ ሊባል ይችላል። ይህን ዋጋ ላይ ይከራከሩበት።

ቀብዱን በተመለከተ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" የሚለው ቃል ራሱ ይስፈር። "ቅድሚያ ክፍያ" ከተባለ ሻጩ የተቀበለውን ብቻ መልሼ እወጣለሁ ብሎ ሊከራከር ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ሽማግሌ ፊት ተፈራርመን ሙሉውን ከፍያለሁ፤ ውልና ማስረጃ ግን አልሄድንም። ቤቱ የኔ አይደለም?

መልስ፦ ገና አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ተደርጎ በፍርድ ቤት ወይም እንደ ውልና ማስረጃ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም ብሏል። ኋላ ደግሞ ሻጩ መሸጡን ካመነ የምዝገባው ጉድለት ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው ወስኗል። እንግዲህ ዕጣዎ የተንጠለጠለው በሻጩ አንደበት ላይ ነው። ቢያምን እንኳ ሌላው አደጋ አለ፦ ስም ሳይዞር ለሌላ ሰው ሸጦ ያ ሰው ቢያስመዘግብ፣ በቁጥር 2878 መሠረት የእርስዎን ውል አይመለከተኝም ይላል። ሻጩ በሕይወትና በአገር ውስጥ ሳለ ይዘውት ወደ ውልና ማስረጃ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ካርታው በባል ስም ብቻ ነው። ሚስት ካልፈረመችስ?

መልስ፦ አይግዙ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ግን ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ሊያስፈርሰው ይችላል። ሻጩ "ከጋብቻ በፊት የገዛሁት ነው" ቢልም ሚስቱን ማስፈረም ይቀላል። አላገባሁም ካለ ያላገባ ማስረጃ፣ ተፋትቻለሁ ካለ የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ያምጣ። የፍቺ ወረቀት ብቻውን ቤቱ ለማን እንደደረሰ አይናገርም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ወንድሜ ቤቴን እንዲሸጥልኝ ውክልና ልልክ ነበር።

መልስ፦ "ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ" የሚል ውክልና ቤት አያሸጥም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ መሸጥ፣ ስም ማዛወር፣ ገንዘብ መቀበል እያንዳንዱ በስሙ ይጻፍ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያረጋገጠው ሰነድ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ በውልና ማስረጃ ያልፋል። ገንዘቡ በቀጥታ በእርስዎ ሒሳብ እንዲገባ ከፈለጉ "ገንዘብ እንዲቀበል" የሚለውን ይተዉት፤ ወንድማማችነትንም ያተርፋል።

በውክልና ለምትገዙ ደግሞ፦ ወካዩ ከሞተ ውክልናው በመርሕ ያበቃል። በምትፈርሙበት ቀን ወካዩን በቪዲዮ ስልክ አነጋግሩት።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም መሸጥ የሚፈቀድበት 5 ዓመት ሳይሞላው በብድር ውል፣ በውክልናና በኑዛዜ አድርጋችሁ ግዙ ይሉናል።

መልስ፦ ደላሎች የሚወዱት መንገድ ነው። ኑዛዜ ተናዛዡ እስኪሞት በፈለገው ቀን ይሻራል፣ ውክልናም እንዲሁ። በእጅዎ የሚቀረው የብድር ወረቀቱ ነው፤ እሱም ገንዘብ ያስመልስ እንደሆነ እንጂ ቤት አያሰጥም፣ ያውም ዋጋው ከናረ በኋላ። የባንክ ዕዳ ካለበት መጀመሪያ ዕዳው ይዘጋ ወይም በባንኩ ፈቃድ ይዛወር።

ጥያቄ፦ ወላጆቻችን ሞተዋል፣ አራት ወንድማማቾች ነን። አንዱ መሸጥ ይችላል?

መልስ፦ የራሱን ድርሻ እንጂ ሙሉውን አይችልም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለ ለድርሻው የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከከተማ ወጣ ብሎ 200 ካሬ የገበሬ መሬት ርካሽ አግኝቻለሁ።

መልስ፦ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም። ውሉ ፈራሽ ነው።

ጥያቄ፦ ግብር እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ብንጽፍስ?

መልስ፦ የቴምብር ቀረጡ 2 ከመቶ ነው፣ የስም ማዛወሪያው ክፍያ (አሹራ) ለብቻው ይከፈላል። ሻጩ በአዋጅ 979/2008 በካፒታል ዕድገቱ ላይ 15 ከመቶ ይከፍላል፤ ለ2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለመኖሪያ ብቻ የዋለ ቤት በዚያ አዋጅ ነፃ ነው። የመንግሥት ገማች ከውሉ የበለጠ ዋጋ ካወጣ ስሌቱ በእሱ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያተረፉት ነገር የለም። ሽያጩ ቢፈርስ ግን በ8 ሚሊዮን የገዙትን ቤት "በ3 ሚሊዮን" ብለው ከጻፉ በቀላሉ የሚያስመልሱት 3ቱን ነው። የትኛውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይስፈር፤ "እንደ ልማዱ" የሚል ሐረግ ጠብ ይጠራል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን መቼ ነው የምሰጠው?

መልስ፦ ዋናውን ገንዘብ ውልና ማስረጃ ቀርባችሁ ስትፈራረሙ በሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ወይም በባንክ ዝውውር ይስጡ፤ 10 ከመቶውን ያህል ካርታው በስምዎ እስኪወጣ ያቆዩ፣ ይህንንም ውሉ ላይ ያስጽፉ። ቁልፍ ሲረከቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ፎቶ ያንሱ፣ የቀረ ሒሳብ ካለ ከቆየው ገንዘብ ይቀነሳል።