ጀልባዋን ያዩዋት በኪዳነ ምሕረት ቀን ነው

ሐምሌ ሲገባ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ወሬው ሁሉ የግብር ግምት ነው። እኔ ጀልባ አለኝ፤ ጀልባ ከመግዛቴ በፊት ደግሞ ብዙ ዓመት በሒሳብ ሥራ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ወረቀት የደረሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ሰሞኑን የማኅበራችን አባላት የጠየቁኝን ከነመልሱ ጻፍኩት። ስም አልጠቀስኩም።

ለትንሿ ጀልባዬ የንብረት ግብር ክፈል ተባልኩ። ጀልባም እንደ ቤት ትገመታለች እንዴ?

አትገመትም፣ ወንድሜ። በጥር 2017 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ የሚመለከተው ቦታንና ቤትን ነው። ጀልባ ተንቀሳቃሽ ናት። ወረቀትህን እንደገና አንብበው፤ «የቀን ገቢ ግምት» ሳይል አይቀርም። የተገመተው ጀልባዋ ብትሸጥ የምታወጣው ዋጋ አይደለም፤ በቀን ታስገባለች የተባለው ገንዘብ ነው። ይህን ሳይለዩ «ጀልባዬ አሮጌ ናት፣ እንጨቷ በስብሷል» ብለው የሚጽፉ አሉ። ላልተጠየቁት መመለስ ነው። የሚያዋጣው «በዓመት ይህን ያህል ቀን ሠራሁ፣ ይህን ያህል አስገባሁ» ማለት ነው።

የደብረ ማርያም ሰው ነኝ። ጀልባዬ ሰባት ሰው ነው የምትይዝ። ገማቾቹ የመጡት የካቲት 16 ነው፤ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄደው ምእመን ወደቡን አጥለቅልቆታል። በቀን 4,000 ብር ብለው ጻፉብኝ። ምን ልበላቸው?

አያ፣ በመጀመሪያ «ያን ቀን 4,000 አልሠራሁም» እንዳይሉ። ሠርተው ይሆናል፤ እነሱም አይተዋል። በዓይናቸው ያዩትን ከካዱ ቀሪውንም አያምኑዎትም። ጣጣው ያለው ማባዛቱ ላይ ነው። የዚያን ቀን ገቢ በ300 ቀን ካባዙት 1,200,000 ብር ይሆናል። ለሰባት ሰው ጀልባ!

አሁን የእርስዎን እንቁጠር። እኛ በተራ ነው የምንሠራው። ተራዎ በሳምንት ሁለቴ ነው እንበል፤ በዓመት 104 ቀን ማለት ነው። ሞተር የተበላሸበትንና ሰው ያልመጣበትን 18 ቀን ይቀንሱ፤ 86 ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ሁለተኛ ጉዞ እንደማይታሰብ ገማቹ ላያውቅ ይችላል፤ ይጻፉለት። ጥምቀትንም ኪዳነ ምሕረትንም ጨምሮ ባዶውንና ሙሉውን ቀን አማክለው 2,000 ብር ከመጣ፣ 86 ሲባዛ በ2,000፣ 172,000 ብር ነው። ከእነሱ ቁጥር ሰባት እጥፍ ገደማ ያነሰ ማለት ነው። ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ ነው፤ እርስዎ የራስዎን ያስገቡ። ቅሬታዎ ላይ ይህ ስሌት በግልጽ ይቀመጥ። «አቅሜን ያላገናዘበ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ሰው ይጽፋታል፤ ቁጥር ግን አትቀንስም።

ደረሰኝ አልቆርጥም። በምን ላስረዳ?

ይህ ነው ዋናው። በ2008ቱ የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 983) ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። እነሱ ገመቱ፤ አንተ ታስረዳለህ። ፍትሐዊ ነው አትበለኝ፣ እኔም አልልህም።

በመጀመሪያ የማኅበሩን የተራ መዝገብ ኮፒ አስደርገህ ማኅተም አስመታበት። ቀጥሎ ቤንዚን። «ቤንዚን ተወደደ» ብሎ ማልቀስ ብዙ አይጠቅምም፤ ግምቱ የጠቅላላ ገቢ ነው፣ የትርፍ አይደለም። ሊትሩ ግን ይመሰክርልሃል። የእኔ ሞተር ዘጌ ደርሶ ለመመለስ አንድ ባለ ሀያ ሊትር ጀሪካን ሊጨርስ ትንሽ ነው የሚቀረው። በወር አሥር ጀሪካን ከቀዳሁ ሠላሳ ጊዜ ዘጌ ልሄድ አልችልም። ጀልባ በውኃ አይነዳም። ማደያው በጀሪካን የሚቀዳልህ በድጋፍ ደብዳቤ ከሆነ የደብዳቤዎቹን ቅጂ አትጣል፤ ቀንም መጠንም አላቸው።

ሦስተኛው ደብተር ነው። የእኔ ባለ 50 ቅጠል የተማሪ ደብተር ናት፤ እንዳትረጥብ በፌስታል ጠቅልዬ ከመቀመጫው ሥር አኖራታለሁ። ቀን፣ የሰው ብዛት፣ የት ደረስን፣ ስንት ተቀበልኩ። ባዶ የዋልኩበትን ቀንም «ባዶ» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ዘይት ፈሷል፣ የዓሣ ቅርፊት የተጣበቀበትም አለ። ግምቴን የሚያጣራው ሰውዬ አገላብጦ አገላብጦ «ይቺ ትናንት ማታ የተጻፈች አትመስልም» አለኝ። ስለዚህ ለመልክ ብላችሁ በአዲስ ደብተር አትገልብጡ።

ቅሬታ ለማስገባት ስንት ቀን አለኝ?

በዚያው አዋጅ ውሳኔው ከደረሰህ በኋላ 21 ቀን። በእጅህ ያለው ወረቀት ሌላ ቀን ከጠቀሰ ወረቀቱን ያዝ። የተቀበልክበትን ቀን ፊት ለፊቱ ላይ ጻፍ።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ሦስት ጊዜ እየሄድኩ በቃል አስረዳሁ። አንደኛው «እናየዋለን» አለ፣ ሌላው «ሰኞ ና» አለ። ሰኞ ስሄድ ቀኑ አልፏል፤ በጽሑፍ የገባ ነገር ስለሌለ እንዳልቀረብኩ ተቆጠረ። በቃል ያለ ይረሳል ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰውዬ! አሁን ሁለት ኮፒ ይዤ እሄዳለሁ፤ አንዱን አስገብቼ ሌላው ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተምና ቀን ሳላስመታ አልወጣም።

ቅሬታ ካስገባሁ እስኪወሰን መክፈል አቆማለሁ?

የማትከራከርበትን ትከፍላለህ። «172,000 ነው የማስገባው» ካልክ የዚያን ግብር ክፈል፤ አዋጁ አቤቱታውን የሚቀበለው ያልተከራከርክበት ክፍል ከተከፈለ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። የቅሬታው ውሳኔ ካላረካህ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ትሄዳለህ፤ እዚያ ግን ክርክር ካለበት ግብር 50 በመቶ ማስያዝ አለ። ስለዚህ ጉልበትህን መጀመሪያው ቅሬታ ላይ ጨርሰው።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጀልባዋ ዳር ላይ ተገልብጣ ነው ያለች። ሞተሩም ተሸጧል። ግምቱ ግን መጣ።

እታለም፣ ነፍስ ይማር። ጀልባዋ ብትቆምም ንግድ ፈቃዱ አልቆመም፤ ግምቱ የሚከተለው ፈቃዱን ነው። ሥራ መቆሙን ዛሬውኑ በጽሑፍ አስገቢ፤ ፈቃዱን መልሺ። ከዚህ ጋር የሞት ማስረጃውን፣ የወራሽነት ወረቀቱንና ሞተሩ የተሸጠበትን ውል አያይዢ። ላለፈው ጊዜ ደግሞ ማኅበሩ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ተራ አልወሰደችም» ብሎ ይጽፍልሻል። እኔ አጽፍልሻለሁ፤ ማክሰኞ ወደቡ ላይ አለሁ።

አንድ ሰው «ትንሽ ነገር ከያዝክ አስቀንስልሃለሁ» ብሎኛል።

ተወው። ገንዘቡም ይሄዳል፣ 21 ቀኑም ይሄዳል። ወረቀትህ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

የደንገል ታንኳስ? እንጨት ጭኜ ገበያ አመላልስባታለሁ።

እስካሁን ታንኳ ሲገመት አላየሁም። ከገመቱህ ግን ክረምት ከበጋ ሠርተሃል እንዳይሉህ፣ ውኃ ጠጥታ ስትከብድ አዲስ ማሰር እንዳለብህ ንገራቸው። ደብተሩን አንተም ጀምር።