ጥያቄና መልስ፦ ለጮቄም ለዓባይ በረሃም የሚሆን የሴት ጫማ አለ?

ስለ ተራራና ገደል ጫማ ከጎጃም አንባቢዎቻችን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም ሰብስበናል። ጠያቂዎቹ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

«ከጓደኞቼ ጋር በበጋ ወደ ዓባይ በረሃ እንወርዳለን፤ ክረምት ሲወጣ ደግሞ ጮቄ እንሄዳለን። አልፎ አልፎ ቋጥኝ በእጃችን እየያዝን የምንወጣበት ቦታ አለ። ‹አፕሮች ጫማ› የሚሉት ከተራራ ቡትስ በምን ይለያል? ለሁለቱም ቦታ ይሆነናል?» (ከደብረ ማርቆስ)

አፕሮች ጫማ የተሠራው ገደል ወጪዎች ከመኪና መንገድ እስከ ገደሉ ሥር ለሚያደርጉት ጉዞ፣ በመሃል ለሚያጋጥማቸው ቀላል ቋጥኝም ጭምር ነው። ስለዚህ ጠባቡን የገደል መውጫ ጫማና የጉዞ ጫማን ያዳቅላል። ሲያገላብጡት አራት ነገር ይታያል። ሶሉ ከአውራ ጣት በታች ጥርስ የሌለው ልሙጥ ቦታ አለው፤ ቀጭን የድንጋይ ጠርዝ የሚረገጠው በዚያ ነው። ጎማው ከተራ ጫማ ጎማ ለስለስ ያለና ድንጋይ የሚይዝ ነው። ማሰሪያው እስከ ጣቶቹ ድረስ ይወርዳል። ፊቱን ደግሞ ቆዳውን ከስለት ድንጋይ የሚከላከል የጎማ ቀበቶ ይዞረዋል። ብዙዎቹ ከቁርጭምጭሚት በታች የሚቀሩ ናቸው፤ የአንድ እግሩ ክብደትም በአብዛኛው ከ300 እስከ 450 ግራም ነው።

ለሁለቱም ቦታ ይሆናል ወይ ላሉት፣ በአንድ ወቅት አዎ፣ በሌላው አይሆንም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ከላይ ባዛልት ነው፤ ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጄሶ የተቀላቀለበት ልም ንጣፍ፣ ከታች አሸዋማ ድንጋይ ይመጣል። በጥርና በየካቲት ይህ ሁሉ ደረቅ ስለሆነ ለስላሳው ጎማ የተሠራለትን ሥራ ይሠራል። የሚያስቸግረው በጠንካራ ድንጋይ ላይ የተበተነው ኮረት ነው። ጎማው ድንጋዩን ቢይዝም ጠጠሩ ራሱ ይንከባለላል፤ ለዚህ መላው አረማመድን ማሳጠር ብቻ ነው።

ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ጮቄ ሌላ ነገር ነው። ጅብራ በቆመበት ሜዳ ላይ የሚረገጠው እርጥብ ሣርና ረግረግ ነው፤ ወደ ተራራው የሚያደርሱት የእርሻ መንገዶችም ዝናብ ሲነካቸው ጭቃ ይሆናሉ። የአፕሮች ሶል ጥርሶች ብዙ ጊዜ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው ክብ ነጠብጣቦች ናቸው። መረሬ በመካከላቸው ገብቶ ሲሞላ ሶሉ ልሙጥ ይሆናል። እዚያ የሚያስፈልገው ጥርሱ አምስት ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ የተራራቀና ጭቃውን የሚያራግፍ ሶል ነው። የዚህ ዓይነቱ ሶል አባት የሚባለው ጣሊያናዊው ቪታሌ ብራማኒ ነው፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ስድስት ጓደኞቹ በአልፕስ ተራራ ከሞቱበት በኋላ ጥርሳሙን የጎማ ሶል በ1937 አወጣ። ቪብራም የሚለው ስም ዛሬም በብዙ ጫማ ሥር በቢጫ ምልክት ይታያል።

አንድ ጫማ ብቻ የመግዛት አቅም ካለዎትና ጉዞዎ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚበዛ ከሆነ፣ አፕሮች ጫማውን ይተዉት፤ ጥርሳም ቡትስ ይግዙ። በበጋ ከሆነ ግን በቋጥኝ ላይ የሚስተካከለው የለም። ከሚታወቁት የሴት ዓይነቶች የላ ስፖርቲቫ ቲኤክስ 4 እና የስካርፓ ክረክስ ቆዳ ለባሽ ስለሆኑ እሾህና ስለት ድንጋይ ይችላሉ። በመረብ ጨርቅ የተሠሩት ቀላልና ነፋሻ ናቸው፤ በግራር እሾህ መካከል ግን ዕድሜ የላቸውም።

«ውጭ አገር ያለች እህቴ ልትልክልኝ ነው። የማደርገው 38 ነው፤ አንዳንዱ 38 ግን ይጠበኛል። ቁጥሬን በትክክል እንዴት ልወቅ? የሴት ወይስ የወንድ ልዘዝ?» (ከባሕር ዳር)

ቁጥሩን ትተው እግርዎን በሴንቲ ሜትር ይለኩ። እግር ውሎ ሲያብጥ ስለሚረዝምና ስለሚሰፋ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው ላይ ነው። ለጉዞ የሚያደርጉትን ካልሲ ያጥልቁ፤ ወረቀት ግድግዳ ሥር ያንጥፉና ተረከዝዎን ከግድግዳው አስጠግተው ሙሉ ክብደትዎን ጥለው ይቁሙ። ከሁሉ የሚረዝመው ጣት ጫፍ ላይ ሌላ ሰው ምልክት ያድርግልዎ፤ ራስዎ ካጎነበሱ እግሩ ይንሸራተታል። የሚረዝመው ጣት የግድ አውራ ጣት አይደለም። ሁለቱንም እግር ይለኩና ትልቁን ይያዙ።

በተገኘው ላይ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ይደምሩ፤ ድምሩን በ1.5 ያባዙት። እግርዎ 24 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 25.5 ሲባዛ 38.25 ይመጣል፤ ስለዚህ 38 ወይም 38 ተኩል ማለት ነው። በአውሮፓ ቁጥር በአንድና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሽ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ ፋብሪካ ጠበብ፣ አንዳንዱ ሰፋ አድርጎ ስለሚሠራ እህትዎ ሱቅ ሄዳ ውስጠኛውን ሶል አውጥታ ብትለካው ከሁሉ ይበልጣል። ርዝመቱ ከእግርዎ ከስምንት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት። ድንጋይ ለመርገጥ ብቻ ቢሆን ከዚያ ያነሰ ይሻል ነበር፤ ዓባይን የሚወርድ ሰው ግን ለጣቶቹ ቦታ መተው አለበት።

የሴትና የወንድ ጫማ የሚለያየው በቀለም ብቻ አይደለም። የሴቱ ተረከዙ ጠበብ፣ የእግር ጀርባ የሚያርፍበትም ዝቅ ያለ ነው። ይህ ለብዙዎች ጥሩ ነው፤ ተረከዝ ካልተነሣ ውሃ አይቋጥርም። ነገር ግን በልጅነቱ በባዶ እግሩ ወይም በክፍት ጫማ ያደገ ሰው የእግሩ ፊት ሰፋ፣ ጣቶቹም ገለጥ ያሉ ይሆናሉ፤ በእኛ አገር ይህ የተለመደ ነው። እርስዎም 38 የሚጠብዎ ከጎን በኩል ከሆነ ቁጥር መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ርዝመቱ ሲተርፍ ተረከዙ ይላላል። በዚያው ቁጥር የወንዱን ይሞክሩ። የአውሮፓ ቁጥር ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ የአሜሪካኑ ግን ይለያያልና እህትዎን ያስጠንቅቋት።

«ከሰልባጅ አዲስ የሚመስል የተራራ ጫማ ገዛሁ። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳልጓዝ የሁለቱም ሶል ተገነጠለ። ነጋዴው ‹አንቺ ነሽ ያበላሸሽው› ይላል። ምን ሆኖ ነው?» (ከፍኖተ ሰላም)

ያበላሹት እርስዎ አይደሉም፤ ነጋዴውም ምናልባት አያውቅ ይሆናል። በብዙ ቡትሶች በቆዳውና በታችኛው ጎማ መካከል ያለው ስፖንጅ መሳይ ሶል ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ፖሊዩሬቴን ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ቀስ በቀስ ከውስጥ ይፈርሳል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ጫማው ባይደረግም፣ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥም አይድንም። ከተሠራ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ የሚመስለው ጫማ በአንድ ቀን ሊበተን ይችላል። ሁለቱም እግር በአንድ ጊዜ መሄዱም የዚህ ምልክት ነው፤ ማስቲሽ ቢሆን ኖሮ አንዱ ይቀድም ነበር።

ስለዚህ ሰልባጅ ሲገዙ መጀመሪያ የመሃሉን ሶል በአውራ ጣት ጥፍርዎ ጫን ያድርጉት። ተመልሶ ከተነሣ ደህና ነው፤ እንደ ደረቀ አይብ ከተፈረፈረ ወይም ከጣት ጋር ከተጣበቀ ዋጋው ምንም ቢረክስ ያስቀምጡት። ቀጥሎ ጫማውን ጣቶች በሚያርፉበት በኩል አጥብቀው ያጥፉትና ሶሉና ቆዳው የሚገናኙበትን መስመር ይዩ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነገ አፍ ትከፍታለች። ከዚያ ተረከዙንና አፍንጫውን ይዘው እንደሚጨመቅ ልብስ ያጣሙት፤ በቀላሉ ከዞረ በድንጋይ ጠርዝ ላይ እግርዎን አይደግፍም። በመጨረሻ እጅዎን ከትተው የተረከዙን ገበር ይዳብሱ። ገበሩ ከተቀደደ ተረከዝዎ ዋጋውን ይከፍላል። የተሠራበት ወር ብዙ ጊዜ በምላሱ ውስጥ በተሰፋች ትንሽ ጨርቅ ላይ ይገኛል።

ኢቪኤ ከሚባለው የተሠራው መካከለኛ ሶል እንዲህ አይፈርስም፤ ግን እየተጠቀጠቀ ስለሚሄድ ይጠነክራል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይመልከቱት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የፊተኛው ባለቤት አረማመድ ቀርቶበታል፤ ለእርስዎ አይቃናም።

መንገድ ላይ ሲገነጠል ሁለት ክንድ ያህል ሲባጎ ያድናል። አንዴ ከጣቶቹ በስተኋላ፣ አንዴ በእግሩ ወገብ ላይ ይሰሩት፤ ሲባጎው በጥርሶቹ መካከል ቢያልፍ ድንጋይ ቶሎ አይበጥሰውም።

«ውሃ የማያስገባ ቢሆን ይሻላል? በክረምት በየቀበሌው የምዞርበት ሥራ አለኝ፤ ወንዝ ሳልሻገር የምውልበት ቀን የለም።» (ከሞጣ)

ወንዝ ለሚሻገር ሰው ጎሬቴክስና የመሳሰለው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ጥቅሙ ጥቂት ነው። ጨሞጋን፣ ሙጋን ወይም ሱሃን የሚያህል ወንዝ ቀርቶ ትንሽ ጅረት እንኳ በአጭር ጫማ ከላይ በአፉ ይገባል። ያ ሽፋን ውሃ እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ የገባውም እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ጫማው ሁለት ቀን ሙሉ አይደርቅም። ሽፋን የሌለው ግን እየተራመዱ ይጨመቃል። የሚጠቅመው ወንዝ በሌለበት፣ ጠዋት በጤዛ ሣር ውስጥ ለሚሄድ፣ ያውም ቁርጭምጭሚት በሚሸፍን ጫማ ነው።

ሲሻገሩ ካልሲውንና ውስጠኛውን ሶል ያውጡና ጫማውን መልሰው አድርገው ይግቡ። በባዶ እግር መግባት ሁለት አደጋ አለው፤ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ከሥር ያለውም አይታይም። ማዶ ሲደርሱ ጫማውን አራግፈው ደረቁን ካልሲ ያጥልቁ። ከጉልበት በላይ የሆነ ፈጣን ውሃ ግን የጫማ ጉዳይ አይደለም፤ እስኪጎድል ይጠበቃል።

ማታ ጋዜጣ ጠቅጥቀው ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመው ይቀይሩት። ምድጃ ዳር አያስቀምጡት፤ ማስቲሹ ይለቃል፣ ቆዳውም ይኮማተራል።

«ቁልቁለት ስወርድ የአውራ ጣቴ ጥፍር ይጠቁራል፣ ተረከዜም ውሃ ይቋጥራል። ጫማው ጠቦኝ ነው ወይስ ሰፍቶኝ?» (ከደጀን)

ሁለቱም ከአንድ ነገር ሊመጡ ይችላሉ፤ እግርዎ በጫማው ውስጥ እየተንሸራተተ ነው። ሲወርዱ ወደ ፊት ሄዶ ጥፍሩን ይመታል፣ ሲወጡ ተረከዙ ይነሣል። ቁጥር ከመቀየርዎ በፊት አስተሳሰሩን ይሞክሩ። ተረከዝዎን መሬት ላይ መታ አድርገው ወደ ኋላ ያስጠጉት። ከጣቶቹ በላይ ያለውን ክር ላላ አድርገው ይተዉትና የእግር ጀርባ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ክሮቹን ሁለቴ አጠላልፈው ያጥብቁ፤ ይህ ታችኛውን ክር ከላይኛው ይለየዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ሲደርሱ ክሩን በዚያው ጎን ወደ ላይኛው ቀዳዳ አስገብተው ትንሽ ቀለበት ይተዉ፤ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፈው ወደ ታች ይሳቡና ይሰሩት። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆም ብለው እንደገና ማሠር ያስፈልጋል፤ አቀበቱን ሲወጡ ክሩ ላልቷል።

ከዚህ በኋላም ጥፍሩ ከተመታ ጫማው በእርግጥ አጭር ነው። ጥፍርዎን ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድመው ይቁረጡ። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ቆዳውን ያለሰልሳል፤ የሱፍ ወይም የናይለን ቅልቅል ይሻላል። ተረከዙ መሞቅ ሲጀምር፣ ውሃ ሳይቋጥር፣ ፕላስተር ይለጥፉበት።

«የአፕሮች ጫማዬ ሶል አልቋል። የእኛ ከተማ ጫማ ሰፊ በመኪና ጎማ ልቀይርልሽ ይላል፤ ላስቀይር?» (ከዳንግላ)

ለመንገድ ጫማ ያስቀይሩ፤ ለቋጥኝ አይሆንም። የመኪና ጎማ የተሠራው ክብደትና ረጅም ርቀት እንዲችል ስለሆነ ጠንካራ ነው። በረባሶ ዓመታት የሚያገለግለውም ለዚህ ነው፤ እርጥብ ልሙጥ ድንጋይ ላይ ግን ያንሸራትታል።

አፍንጫው ብቻ ከለቀቀ ጫማ ሰፊው ጥሩ አድርጎ ይጠግነዋል፤ እንዴት እንደሚሠራው ግን ይከታተሉ። አሮጌው ማስቲሽ ተፍቆ ይውጣ፤ ሁለቱም ወገን በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር፤ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ። ማስቲሹ በሁለቱም በኩል ስስ ተደርጎ ይቀባና ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆይ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ ሰፊው ይቸኩላል። ከተገጠመ በኋላ ከመሃል ወደ ዳር ይቀጥቀጥና 24 ሰዓት ሳይደረግ ይደር። አፍንጫውን በክር ልስፋው ካለ አይፍቀዱ፤ ክሩን ድንጋይ ይበላዋል፣ ቀዳዳው ውሃ ያስገባል።

ሊስትሮ ጋ ሲቀመጡም የሶሉን ጠርዝና የጎማ ቀበቶውን ቀለም እንዳይቀባ ይንገሩት። ቅባቱ ጎማውን ያንሸራትተዋል። ሱዊድ የሚባለው ፀጉራም ቆዳ ከሆነማ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው የሚጸዳው።

«በሙቀቱ ጊዜ በሰንደል መሄድ አይቻልም?» (ከብቸና)

ሜዳ ላይ ይቻላል፤ ገደል ላይ ግን ጣት ይሰበራል። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ ወይም በግማሽ ባዶ እግር መመላለስም የእግር ዝሆኔን ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ መከላከያውም የተሸፈነ ጫማና በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ሰንደል ከያዙም ካረፉ በኋላ ለማታ ያድርጉት፤ ቀን የዋለውን ጫማ ያን ጊዜ ውስጠኛውን ሶል አውጥተው ነፋስ ላይ ያስጡት።